የሞተርን ቫልቭና ተከታዮቹን ስለ ማሻሻል

(በትምህርት ቤታችን የምሥረታ በዓል ቀን የመጨረሻ ዓመት ተማሪዎች ያሰሙት ንግግር)



 የመረጥነው ርእስ የሞተር ቫልቭና ቫልቭን የሚያንቀሳቅሱት ዕቃዎች፣ እነርሱንም ለፍጥነት ሲባል ማሻሻል የሚባለው ነገር ነው። ይህ ዘይትና ጥላሸት ያለበት ነገር ለበዓል ቀን ምን ያደርጋል የሚል ቢኖር፣ በጥቅምትና በኅዳር ከዲላ ወደ ወናጎ፣ ወደ ይርጋ ጨፌና ወደ ገደብ በሚወስደው መንገድ ዳር ጥቂት እንዲቆም እንለምነዋለን። እሸት ቡና ወደ መፈልፈያ የሚያደርሱትን ኢሱዙዎች፣ ዳገቱን እያቃሰቱ ሲወጡ ያያቸዋል። ቀዩ ፍሬ በተለቀመበት ቀን መፈልፈል አለበት፤ ካደረ ይቦካል፣ ጣዕሙም ይበላሻል። እንግዲህ መንገድ ላይ የቆመ አንድ ሞተር የብዙ ቤተ ሰብ ድካም ይዞ ይቆማል። በጌዴኦ ሞተር የቅንጦት ዕቃ አይደለም።

ሁለተኛም ምክንያት አለን። በክፍላችን ካለነው መካከል ትምህርታችንን ስንጨርስ ወደ ጋራዥ ሥራ ለመግባት የምናስብ ጥቂቶች አይደለንም። ሌሎቻችንም ገንዘብ በእጃችን ሲገባ አሮጌ መኪና ገዝተን ሞተሩን እናስፈጥናለን ብለን እርስ በርሳችን እንጫወታለን። ስለዚህ ጥያቄው ለእኛ የወሬ ጥያቄ አይደለም። የአባትን የቡና ገንዘብ፣ ከዚያም አልፎ የሰውን ሕይወት የሚነካ ጥያቄ ነው። ይኸውም፣ ሞተርን ለማፍጠን የቫልቭን ዕቃ መለወጥ ይገባልን? የሚገባ ከሆነስ ከየት ይጀመራል? የሚል ነው።

መልሱን ከማምጣታችን በፊት ቫልቭ ምን እንደሚሠራ እናስረዳ። ሞተር እንደ ሰው ይተነፍሳል። አየር ይስባል፣ ያምቃል፣ ነዳጁን ያቃጥላል፣ ጢሱንም ያስወጣል። ለዚህም በቴስታታው ላይ በሮች አሉት፤ በሮቹም ቫልቮች ይባላሉ። በጋራዦቻችን ከጣሊያንኛ በመጣው ቃል ቫልቮላ የሚሏቸውም አሉ። መልኩ ራሱ እንደ እንጉዳይ የሰፋ ረጅም ምስማር ይመስላል። አንዱ ዓይነት ለማስገቢያ፣ ሌላው ለማስወጫ ነው።

እነዚህን በሮች የሚከፍተው ካምሻፍት የሚባለው ዘንግ ነው። በዘንጉ ላይ እንደ እንቁላል የሾሉ ጉብታዎች አሉ። ጉብታው ሲዞር ታፔቱን ይገፋል፣ ታፔቱ ፑሽሮዱን፣ ፑሽሮዱ ሮከሩን፣ ሮከሩም ቫልቩን ይገፋና በሩ ይከፈታል። መልሶ የሚዘጋው ሞላው ነው። በአንዳንድ ሞተር ካምሻፍቱ ከቴስታታው በላይ ስለሚቀመጥ ፑሽሮድ አያስፈልገውም፤ ሥራው ግን ያው ነው። ክራንክሻፍቱ ሁለት ጊዜ ሲዞር ካምሻፍቱ አንድ ጊዜ ይዞራል፤ እያንዳንዱም ቫልቭ አንድ ጊዜ ይከፈትና ይዘጋል።

አሁን ምሳሌ እንዲሆነን አንድ መኪና እንውሰድ። የምንወስደውም በአገራችን ትልቁም ትንሹም ቮልስ እያለ የሚጠራውን፣ ጀርባው እንደ ጥንዚዛ ክብ የሆነውን ቮልስዋገን ነው። ይህ መኪና ከ21 ሚሊዮን በላይ ተሠርቶ የመጨረሻው እ.ኤ.አ. በ2003 በሜክሲኮ ከፋብሪካ ወጥቷል። ሞተሩ በአየር የሚቀዘቅዝ፣ ባለ አራት ሲሊንደርና ባለ ስምንት ቫልቭ ነው። አሠራሩ ግልጽ ስለሆነ ለተማሪ ይመቻል። እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹና ከ1960ዎቹ ጀምሮም በካሊፎርኒያ ያሉ ወጣቶች ለፍጥነት ከፈታቷቸው ሞተሮች ዋነኛው እርሱ ስለሆነ፣ ስለ ማሻሻል ለመናገር ከእርሱ የተሻለ አስተማሪ አናገኝም።

የቮልስ ባለ 1,600 ሞተር ከፍተኛ ኀይሉን የሚሰጠው በደቂቃ 4,000 ዙር ገደማ ላይ ነው። በዚያ ጊዜ እያንዳንዱ ቫልቭ በሰከንድ ከ33 ጊዜ በላይ ይከፈታል፣ ይዘጋል። ወጣቱ ግን 6,000 ዙር ይፈልጋል እንበል። ያን ጊዜ ቫልቩ በሰከንድ 50 ጊዜ ይመታል። ዙሩ የጨመረው በአንድ ተኩል እጥፍ ሲሆን፣ ቫልቩን ለመመለስ የሚያስፈልገው ኀይል ግን በሁለት እጥፍ ከሩብ ያድጋል። ይህ በፊዚክስ ክፍል የተማርነው የካሬ ሕግ ነው። ሞላው ይህን ያህል ኀይል ከሌለው ቫልቩ ጉብታውን ተከትሎ መመለስ ያቅተውና በአየር ላይ ይንሳፈፋል። ያልተዘጋ በርና ወደ ላይ የሚመጣ ፒስተን ሲገናኙ በአንዳንድ ሞተር ቫልቩ ይጣመማል፣ ፒስተኑም ይበሳል።

ስለዚህ ብዙ ሰው የሚጀምረው ከሞላ ነው። ጠንካራ ሞላ ወይም አንዱ በአንዱ ውስጥ የገባ ሁለት ሞላ ያስገባል። ሁለቱ ሞላዎች የሚንቀጠቀጡበት መጠን ስለሚለያይ አንዱ የሌላውን መንቀጥቀጥ ያበርዳል፤ ይህ መልካም ነው። ነገር ግን ጠንካራ ሞላ ቫልቩን ብቻ አይጫንም። ሮከሩን፣ ፑሽሮዱን፣ ታፔቱንና የካምሻፍቱን ጉብታ ሁሉ ይጫናል። ከልክ ያለፈ ሞላ የገባበት ካምሻፍት ጉብታው ቶሎ ይበላል፤ የተበላውም የብረት ብናኝ ከዘይቱ ጋራ ወደ ኩሽኔታዎቹ ይሄዳል። ፍጥነት ፈልጎ ሞላ የቀየረ ሰው ሞተሩን በሙሉ ሊያወርድ ይችላል ማለት ነው።

ሞላው ከጠነከረ ፑሽሮዱም መጠንከር አለበት ይባላል። የቮልስ ፑሽሮድ ከአሉሚኒየም የተሠራ ነው፤ ለፍጥነት የሚፈልጉ ግን ክሮሚየምና ሞሊብዲነም ካለበት ብረት የተሠራውን ያስገባሉ። እዚህ ላይ አንድ የሚያስገርም ነገር አለ። የፋብሪካው ሰዎች አሉሚኒየም የመረጡት በርካሽነቱ አይደለም። ሞተሩ ሲሞቅ ሰውነቱ ይለጠጣል፤ አሉሚኒየሙም አብሮ ስለሚለጠጥ በሮከሩና በቫልቩ መካከል ያለው ክፍተት ብዙ አይለወጥም። የብረቱ ፑሽሮድ ግን የዚያን ያህል አይለጠጥምና ሞተሩ ሲሞቅ ክፍተቱ ይሰፋል። ስለዚህ ፑሽሮዱን የለወጠ ሰው የክፍተቱንም ልክ መለወጥ አለበት። አንዱን ዕቃ ብንነካ ሌላው ይጠይቀናል።

ሮከሩንም እንይ። በፋብሪካው ቮልስ የሮከሩ ጥምርታ 1.1 ለ 1 ገደማ ነው። በገበያ 1.25 ለ 1 የሆነ ሮከር ይገኛል። ጉብታው ፑሽሮዱን 8 ሚሊሜትር ቢያነሣ፣ የቀድሞው ሮከር ቫልቩን 8.8 ሚሊሜትር፣ አዲሱ ደግሞ 10 ሚሊሜትር ይከፍተዋል። ካምሻፍቱን ሳያወጡ በሩን ማስፋት የሚቻልበት ብልሃት ስለሆነ ያስደስታል። ነገር ግን ቫልቩ ወደ ፒስተኑ 1.2 ሚሊሜትር ቀረበ፤ ሞላውም በዚያው መጠን ይበልጥ ተጨመቀ። ስለዚህ ጠንቃቃ ሜካኒክ ሞተሩን ከማስነሣቱ በፊት በፒስተኑ ራስ ላይ ለስላሳ ጭቃ የመሰለ ነገር ለጥፎ፣ ቴስታታውን ገጥሞ፣ ሞተሩን በእጁ ሁለት ዙር ያዞረዋል። ከዚያ ፈትቶ ቫልቩ በጭቃው ላይ የተወውን አሻራ ይለካል። ብዙ ባለሙያዎች ለማስገቢያው ከ2 ሚሊሜትር፣ ለማስወጫው ከ2.5 ሚሊሜትር እንዳያንስ ይመክራሉ። ይህን ሳይለካ ቁልፍ የሚያዞር ሰው በዕድሉ ይጫወታል።

የመጨረሻው ካምሻፍቱ ነው። ቫልቩን ለረጅም ጊዜ ከፍቶ የሚያቆይ ካምሻፍት በከፍተኛ ዙር ብዙ አየር ያስገባል። ዋጋው ግን በዝቅተኛ ዙር ይከፈላል። ሞተሩ በዝግታ ሲዞር የገባው አየር ተመልሶ ይወጣል፣ ጉልበቱም ይደክማል፣ ሞተሩም ሲቆም ይንቀጠቀጣል። ወጣቱ ያን መንቀጥቀጥ የጉልበት ምልክት አድርጎ ይወደዋል።

እዚህ ላይ ወደ አገራችን እንመለስ። ዲላ ከባሕር ወለል በላይ 1,570 ሜትር ገደማ ላይ ትገኛለች፤ ቡሌ ደግሞ ከ2,500 ሜትር በላይ ነው። በ1,500 ሜትር ላይ የአየሩ ግፊት በባሕር ዳርቻ ካለው ወደ 84 ከመቶ፣ በ2,500 ሜትር ደግሞ ወደ 75 ከመቶ ይወርዳል። እንግዲህ ተርቦ የሌለው ሞተር ከዲላ ወደ ቡሌ ሲወጣ በእያንዳንዱ ትንፋሽ የሚያገኘው አየር እያነሰ ይሄዳል፤ ይህንም የሚያገኘው ዳገቱ ከምንጊዜውም ይልቅ ጉልበት በሚጠይቅበት ቦታ ነው። በሩን ማስፋት በደጅ የሌለውን አየር አያመጣም። መንገዳችን ዳገትና ጠመዝማዛ፣ ጭነታችንም ከባድ ስለሆነ የሚያስፈልገን በዝቅተኛ ዙር የሚገኝ ጉልበት ነው። የሩጫ ካምሻፍት ግን ይህንኑ ጉልበት ወስዶ፣ በመንገዳችን ላይ እምብዛም የማንደርስበት ዙር ላይ ያስቀምጠዋል። አባቶቻችን ሳይቸግር ጤፍ ብድር የሚሉት ይህን የመሰለውን ነው።

ታዲያ ማሻሻል የሚባል ነገር ከንቱ ነውን? አይደለም። በሩጫ ሜዳ የቫልቭ ዕቃ ማሻሻል ታላላቅ ጥበብ ወልዷል። መርሰዴስ ቤንዝ እ.ኤ.አ. በ1954 ባወጣው የሩጫ መኪና ቫልቩን የሚዘጋው ሞላ ሳይሆን ሁለተኛ ጉብታ ነበር። ሬኖ እ.ኤ.አ. በ1986 በፎርሙላ አንድ ሞተር ሞላውን አስወግዶ በታመቀ ጋዝ ተካው። ሆንዳ እ.ኤ.አ. በ1989 አንዱ ሞተር በዝቅተኛ ዙር በአንድ ዓይነት ጉብታ፣ በከፍተኛ ዙር በሌላ ዓይነት ጉብታ እንዲሠራ አድርጎ በተራ መኪና ላይ አወጣ። እነዚህ ሁሉ ግን አንዱን ዕቃ ብቻ አልለወጡም፤ ከጉብታው እስከ ቫልቩ ያለውን ሁሉ አንድ ላይ አስበው ሠሩ። ድር ቢያብር አንበሳ ያስር እንደሚባለው፣ የቫልቭ ዕቃም የሚጠነክረው ሲያብር ነው።

ከእነዚህ የሚቀርበን ሌላ ምስክር አለ። ከዲላ ተነሥቶ በሞያሌ በኩል የሚሄደው መንገድ ናይሮቢ ይደርሳል። በዚያ አገር እ.ኤ.አ. በ1953 የተጀመረ፣ በኋላ ሳፋሪ ራሊ ተብሎ ዓለም ያወቀው የመኪና ውድድር አለ። ጭቃና አቧራ፣ ድንጋይና ወንዝ ያለበት ብርቱ ውድድር ነው። እ.ኤ.አ. በ1954፣ በ1957ና በ1962 አንደኛ የወጣው ይኸው የምንናገርለት ቮልስ ነበር። ከእርሱ የሚበልጥ ጉልበት ያላቸው መኪናዎች በመንገድ ሲቀሩ፣ ትንሹ ሞተር እስከ መጨረሻው ተነፈሰ። ከዚህ የምንማረው በእኛ ዓይነት መንገድ የሚያሸንፈው የሚጮኸው ሳይሆን የሚደርሰው መሆኑን ነው።

አሁን ወደ መልሳችን ደርሰናል። የመጀመሪያው ማሻሻያ ልክን መጠበቅ ነው ብለን እናምናለን። በቮልስ ሞተር በሮከሩና በቫልቩ ጫፍ መካከል በአብዛኛው የሚያስፈልገው ክፍተት፣ ሞተሩ ቀዝቃዛ ሳለ፣ 0.15 ሚሊሜትር ነው። ይህም የሁለት የደብተር ቅጠል ውፍረት ያህል ነው። የሚለካው ፊለር ጌጅ በሚባለው ቀጭን የብረት ቅጠል ሲሆን፣ ፒስተኑ ከላይ ደርሶ ሁለቱም ቫልቮች በተዘጉበት ጊዜ ነው። ለሌላው ሞተር፣ ለኢሱዙም ሆነ ለባጃጅ፣ ልኩ የተለየ ስለሆነ ከፋብሪካው መጽሐፍ መታየት አለበት።

ክፍተቱ ሲሰፋ ሞተሩ ቸክ ቸክ ይላል፤ ባለቤቱም ሰምቶ ወደ ጋራዥ ይሄዳል። ክፍተቱ ሲጠፋ ግን ድምፅ የለም። ሰው ሞተሬ ጸጥ አለልኝ ብሎ ደስ ይለዋል። ቫልቩ ግን በሚገባ አይዘጋም። የማስወጫው ቫልቭ ራስ በሥራ ላይ ከ700 ዲግሪ ሴንቲግሬድ በላይ ሊሞቅ ይችላል፤ አብዛኛውን ሙቀቱን የሚያራግፈውም በተዘጋ ጊዜ ከመቀመጫው ጋራ በመነካካት ነው። ካልተዘጋ ሙቀቱን የሚያወርድበት የለውምና ጠርዙ ይቃጠላል። ከአሮጌ ሞተር የወለቀ ቴስታታ ጠረጴዛ ላይ አስቀምጠን ስንማር እንዲህ ያለ ቫልቭ በዐይናችን አይተናል። ጠርዙ ላይ አይጥ የነከሰው የሚመስል ጎድጓዳ ነበረበት። በቮልስም በተለይ የሦስተኛው ሲሊንደር የማስወጫ ቫልቭ በዚህ የታወቀ ነው፤ በቀድሞዎቹ ሞተሮች የዘይት ማቀዝቀዣው ወደ እርሱ የሚሄደውን ነፋስ ይከልልበት ነበርና። ዝምታ ወርቅ ነው ይባላል፤ በታፔት ላይ ግን ሁል ጊዜ ወርቅ አይደለም።

ስለዚህ ቅደም ተከተሉ እንዲህ ቢሆን እንመክራለን። አንደኛ፣ ክፍተቱን በጊዜው መለካትና ማስተካከል፤ ዘይቱንም በወቅቱ መለወጥ። ሁለተኛ፣ ቴስታታው ሲወርድ የቫልቩን መቀመጫና መምሪያ በደንብ ወደሚሠራ ቶርኖ ቤት ወስዶ ማስተካከል፤ ያረጀውንም ሞላ ርዝመቱንና ጉልበቱን ለክቶ በፋብሪካው ልክ በሆነ አዲስ መተካት። ሦስተኛ፣ ጭነቱ ከባድ፣ መንገዱም ረጅም ከሆነ የማስወጫውን ቫልቭ ሙቀት በሚችል የተሻለ ብረት መለወጥ። በዚህ በኩል ግንዱ ባዶ ሆኖ በውስጡ ሶዲየም የተጨመረበት ቫልቭ አለ፤ ሶዲየሙ 98 ዲግሪ ገደማ ላይ ቀልጦ እየተንቀሳቀሰ ሙቀቱን ከራሱ ወደ ግንዱ ያመላልሳል። አራተኛ፣ እነዚህ ሁሉ ከተደረጉ በኋላ፣ ፍጥነት የሚፈልግ ሰው ሞላውን፣ ፑሽሮዱን፣ ሮከሩንና ካምሻፍቱን አንድ ላይ አስቦ፣ ለክቶ፣ ከባለሙያ ጋራ ተማክሮ ይለውጥ። ያን ጊዜም ከሞተሩ በፊት ፍሬኑን ያሻሽል። ዳገት የወጣ ሁሉ ይወርዳል፤ በቁልቁለቱም ላይ ከመፈልፈያ የሚመለሱ እናቶችና ከትምህርት ቤት የሚወጡ ሕፃናት አሉ።

ስለ ጌዴኦ ምድር አንድ ቃል ለመጨመር ይፈቀድልን። በመስከረም 2016 ዓ.ም. የጌዴኦ ባህላዊ መልክዐ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስ ሆኖ ተመዝግቧል። ከላይ ትልልቁ ዛፍ፣ ከመካከል እንሰቱ፣ ከሥር ቡናው እየተጠጋጉ የሚያድጉበት አሠራር ነው። ዛፉን የቆረጠ ቡናውን ፀሐይ ያስመታል። አያቶቻችን ይህን ያወቁት ምንም የሞተር መጽሐፍ ሳያነቡ ነው። እኛም በጋራዥ ውስጥ ያንኑ ዕውቀት ብንይዝ፣ አንዱን ነክተን ሌላውን አንረሳም።

ውድ ወላጆቻችን ሆይ፤ ልጃችሁ ጋራዥ ልግባ ሲላችሁ ስለ ጥቁር ልብሱ አትዘኑ። በሚሊሜትር መቶኛ የሚለካ እጅ የተማረ እጅ ነው። መምህራኖቻችን ሆይ፤ ፊዚክስ ስታስተምሩ የካሬውን ሕግ በቫልቭ ሞላ አሳዩን፤ አንረሳውም። ጓደኞቻችን ሆይ፤ የመጀመሪያ ደመወዛችንን ስንቀበል የሚያጓራ ካምሻፍት ከመግዛታችን በፊት ጥሩ ፊለር ጌጅ እንግዛ። ዋጋው ትንሽ ነው፣ በኪስም ይገባል። በመከር ቀን ማታ፣ ዝናብ እየመጣ፣ ቡና የጫነ ኢሱዙ ቢቆም ግን ሾፌሩ የሚጠራው እርሱ በኪሱ ያለውን ልጅ ነው።